በአያ ውበቱ ማር ላይ የተጣለው ግዝት

የደባርቅ መንገድ የጭነት ማኪና ጎንደር ሊገባ ሲል ጡሩንባ ይነፋል። የሚነፋው ለወንድሜ ነበር። ሾፌሩ «ማርህ መጥቷል፤ ውጣና አውርድ» ማለቱ ነው። ወንድሜም ቅዳሜ ገበያ ካለው መደብሩ ሆኖ ሲሰማ «ንቦቼ ገቡ» ይልና ጋቢውን ጥሎ ይወጣል።

ያን ቀን ማኪናው ሳይነፋ ገባ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሾፌሩ አየኝና ፊቱን ወደ መሪው መለሰ። በጭነቱ ላይ የአክስቴ ባል አያ ደምሌ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ተቀምጧል። ከጎኑ በሰሌን የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። እኔ ማር መሰለኝ። «ዘንድሮ ማሩን በሰሌን ጠቀለሉት እንዴ?» ብዬ አሰብኩ። እጄንም አንሥቼ ሰላም አልኩ። አያ ደምሌ ሰላምታዬን አልመለሰም።

ስለ ወንድሜ ለመጻፍ ስቀመጥ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ እጄን አንሥቼ ሰላም ያልኩት። ሌላው ሁሉ ከዚያ ኋላ ነው የሚመጣው።

አያ ውበቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። «ነበር» ማለቱን ገና አልለመድኩትም። አባታችን ቄስ ነበር፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። ወንድሜ ቅኔ ቤት ነበር ያኔ። አኮፋዳውን ሰቅሎ እናታችንንና እኔን ሊያሳድር ማር ነጋዴ ሆነ። ከደባርቅ ወዲያ ካለው ከድብ ባሕርና ከአካባቢው ማር እያመጣ ጎንደር ይሸጣል። እኔን ወደ ዘመኑ ትምህርት ቤት ሰደደኝ። «እኔ ቅኔውን ጀምሬ ተውኩት፤ አንተ የጀመርከውን ጨርስ» ይለኝ ነበር። ስለ ራሱ መማር ሲናገር የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ማር ሲገዛ መጀመሪያ ያሸታል፤ ከዚያ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ይነክርና ይልሳል። ዓይኑን ይጨፍናል። «ይህ የአደይ ነው፤ ሸጋ ማር ነው» ይላል። ወይም «ይህን ንቦቹ በጥጋብ ጊዜ ሠሩት፤ ሰነፍ ማር ነው» ይላል። ሰው ይስቃል። ሲሸጥም እንደዚሁ ራሱ ቀምሶ ነው የሚሰጠው። በእኛ አገር ያልቀመሱትን ለሰው ማቅረብ ነውር ነው፤ የጠጁም የጠላውም ሥርዓት ይኸው ነው። እና ወንድሜ ከጠዋት እስከ ማታ ጣቱን ሲልስ ይውላል። እናታችን «ያ ጣት አልቆ አንድ ቀን በዘጠኝ ጣት ትመጣለህ» ትለው ነበር።

በሽታው የጀመረው በውኃ ነው። በቅል የቀረበለትን ጭልጥ አድርጎ እንደገና ይጠይቃል። ከሳ። የጎኑ አጥንት ተቆጠረ። ሌሊት ሽንቱ እየቀሰቀሰው ይወጣል፤ ጠዋት እናታችን እርሱ በሸናበት ከጓሮው አጥር ሥር ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለእርሱ ነገረችው። እርሱ ሳቀ። «እንግዲህ ንቡም ጉንዳኑም ደንበኛዬ ሆነ» አለ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ እጁን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስረዳው አንድ ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት ነበር፤ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርቱ የሚሰፋው ሰው። ድሬሰሩ መርፌውን እንዴት እንደሚቀቅል፣ ጭኑ ላይ እንዴት እንደሚወጋ አሳየው። ከዚያ እንዲህ አለው፤ «ጣፋጭ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ለአንተ የለም። ማር የለም፣ ስኳር የለም፣ ጠጅ የለም። መርፌውን ከወጋህ ደግሞ ሳትበላ አትውጣ። መርፌው ሆድህን ባዶ ካገኘው በደምህ ያለውን ስኳር ጠርጎ ይጨርሰዋል። ላብ ላብ ካለህና እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ይህን አፍህ ውስጥ ጣል።» ጥቂት ከረሜላ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። «ይህ መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም» አለው።

ወንድሜ ከረሜላውን በካፖርቱ ኪስ ከተተ። እቤት ሳንደርስ አንዱን በልቶት ነበር።

«አያ፣ መድኃኒት ነው አልተባልክም?» አልኩት።

«ታዲያ? መድኃኒቴን ቶሎ ጀመርኩ» አለኝ።

የመርፌውን መድኃኒት ብልቃጥ እናታችን በአሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ቀበረችው። አሸዋውን ጠዋት ማታ ውኃ ታጠጣዋለች፤ ሙቀት እንዳይገባው። ችግኝ የምትተክል ነበር የምትመስለው። ወንድሜ ሊወጋ ሲል ከአሸዋው ቆፍሮ ያወጣዋል፤ መርፌውን ትንሿ ድስት ውስጥ ይቀቅላል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ይወጋል። ይህ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ምላሱ ነበር።

ከማር ጋር ውሎ ማር አለመቅመስ ምን እንደሆነ እርሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ብዙ ዘዴ ሞከረ። ጠዋት የግራዋ ቅጠል አኝኮ ምሬቱን በአፉ እንደያዘ ገበያ ይወጣል። ኪሱን ሽምብራ ቆሎ ሞልቶ፣ ምራቁ ሲሞላ ቆሎ ይቆረጥማል። ያን ሌባ ጣቱን በጥቁር ክር ጠመጠመው፤ ሳያስበው ማሩ ውስጥ እንዳይነክረው። ክሩ ሲላላ ያጠብቀዋል። ሰው «ምነው፣ ቆስለህ ነው?» ሲለው «ታስሯል፤ ሌባ ነው» ይላል።

አንድ አባባል ነበረው። «ምኞት እንግዳ ነው። መደብ ካላነጠፍክለት ቆሞ ቆሞ ይሄዳል።» ይህን ይልና በእርግጥም ብድግ ይላል። ምኞቱ ሲመጣበት አይቀመጥም። መደብሩን ለጎረቤቱ ነጋዴ አደራ ብሎ እስከ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። ሲመለስ አንዳንዴ «ሄደ» ይለኛል። አንዳንዴ ምንም አይለኝም።

ሻይ ቤት ሲገባ ያስቀኝ ነበር። ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ የነበረ ሻይ ቤት ነው፤ ቦምቦሊኖ የሚጠብሱበት፣ አራንቻታ የሚሉትን የብርቱካን ለስላሳ በጠርሙስ የሚደረድሩበት። «ስኳር የሌለው ሻይ» ሲል አስተናጋጁ ዞር ብሎ «አያ ውበቱ ሊመነኩስ ነው!» እያለ ይጮሃል። ከወዲያ ያለው ደግሞ «ምን ያደርግለታል ሻዩ፣ የፈላ ውኃ ስጡት!» ይላል። ወንድሜ አብሮ ይስቃል። ሻዩን ሲጠጣ ግን ዓይኑ የት እንደሆነ አያለሁ፤ የአራንቻታው ጠርሙስ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ሕፃን አራንቻታውን እየጠጣ ሳለ ወንድሜ አብሮ ሲውጥ አየሁት። ባዶ አፉን ነበር የሚውጠው። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

በኋላ ገበያውም ተበላሸበት። ማሩን ራሱ ሳይቀምስ ለገዢ ሲያቀርብ አንዲት ሴት የማር መያዣ ቅምጫናዋን አነሣች።

«አንተ ያልቀመስከውን እኔ ልቅመስ?»

«እመቤቴ፣ ታምሜ ነው። ስኳር አለብኝ።»

«ስኳር ካለብህማ ማሩ ውስጥ ጨምረኸዋል!» አለችና ሄደች። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውበቱ ማር በስኳር የተበረዘ ነው የሚል ወሬ ወጣ። እርሱ አልተጣላም። ለገዢው በቀጭን እንጨት አንሥቶ ይሰጠውና ፊት ፊቱን ያያል። «እኔ ማሩን አልቀምስም፤ የምቀምሰው ፊትህን ነው። ሸጋ ማር ነው፤ ፊትህ ነገረኝ» ይላል። ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰለት። አንዳንዶቹ እንዲያውም ለዚህ ጨዋታ ብለው የሚመጡ ይመስለኛል።

የወደቀው አዘዞ ሠርግ ላይ ነው። የልጅነት ጓደኛው ሲያገባ ሚዜ ሆነ። ሚዜ እምቢ አይልም። የሙሽራዋ አባት በራሱ እጅ ብርሌውን ይዞ ቆመ፤ «ቤቴን ናቅኸው?» አለው። ወንድሜ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «እምቢ ማለት ከመርፌው ያማል። መርፌው አንድ ቦታ ነው የሚወጋህ።» ጠጣ። አንዴ ከጠጣ በኋላ ደግሞ አልቆመም። ጎንደር ሲመለስ መደብሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ የጣቱን ክር ፈትቶ፣ ከማሩ ገንቦ ጋር ተቀመጠ። በማግስቱ በሩን ገንጥለን ስንገባ ትንፋሹ ሩቅ እንደሮጠ ሰው ያለከልካል፤ ያፉ ሽታ የበሰበሰ ፍሬ ነው። ጢሙ በማር ተጣብቆ ነበር። ዝንብ ነበረ።

ሆስፒታል ብዙ ሰነበተ። እናታችን አልጋው ሥር እየተኛች አደረች። ሲነቃ መጀመሪያ የተናገረው ለእርሷ ነው። «እማ፣ እኔ ራሴን አልጠብቅም። ሌላ ሰው ይጠብቀኝ» አላት።

ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የንስሐ አባታችን መምሬ ካሣ ቤታችን መጡ። የእኛ ቤት የሚካኤል ማኅበር ተረኛ ስለ ነበር ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ወንድሜ በመካከል ቆመ።

«አባ፣ ግዝት ይጣልልኝ» አለ።

መምሬ ካሣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው አዩት። «በማን ላይ?»

«በሁሉም ላይ። ለእኔ ማር የሰጠ፣ ስኳር የሰጠ፣ ከረሜላ የሰጠ፣ ብርዝ ያጠጣኝ፣ ግዝት ይሁንበት።»

«ልጄ፣ ግዝት እኮ ጨዋታ አይደለም። ለምግብ ግዝት አይጣልም። ለሌባ ነው የሚጣል።»

ወንድሜ ያን ክር የተጠመጠመ ጣቱን አነሣ። «ሌባውማ ይኸውና፣ አባ።»

ማኅበርተኛው ሳቀ። መምሬ ካሣ አልሳቁም። «ሐኪሙ ምን አለህ? ለመድኃኒት እንኳ የሚፈቀድ የለም?» ብለው ጠየቁት።

እናታችን ስለ ከረሜላው ልትናገር አፏን ከፈተች። ወንድሜ ቀደማት። «ያን ከረሜላ ሰጥቶኝ ነበር፤ በልቼ ጨረስኩት። በሰጠኝ ቁጥር በልቼ ጨረስኩት። አባ፣ ቀዳዳ ካስቀሩልኝ በቀዳዳው እገባለሁ። መርፌውን ወግቼ ሳልበላ ከቤት አልወጣም፤ እርሱን እኔ እችላለሁ። እርስዎ ቀዳዳውን ይድፈኑልኝ። ብለምን፣ ባለቅስ፣ ሞትኩ ብል እንኳ አይስጡኝ። እኔ በዚህ ነገር ውሸታም ነኝ።»

መምሬ ካሣ ተነሡ። መስቀላቸውን አንሥተው በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዘቱ። «ሲለምን የራራለት፣ ሲያለቅስ የሰጠው» አሉ፤ ልክ እርሱ እንዳለው። ቤቱ «አሜን» አለ። እናታችን አሜን ስትል ድምጿ አልወጣም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ያኔ ሁላችንም ትልቅ ጀግንነት ነው ያልነው። ጀግንነትም ነበር።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። እውነትም ሠራ። ባለ ሱቋ ሴት ወንድሜን ስታይ የከረሜላውን ቆርቆሮ ትከድናለች። ሻይ ቤት አስተናጋጁ ከሩቅ «መነኩሴው መጣ፤ ስኳሩን አንሡ!» ይላል። ሕፃናት እንኳ አራንቻታቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። ወንድሜ ወፈር አለ። ፊቱ ተመለሰ። ክሩን ከጣቱ ፈታ። እናታችን ሚስት ልትፈልግለት ጀመረች። «አሁን ማን ልጁን ይሰጣል፣ ማር ለማይቀምስ ሙሽራ!» ይላት ነበር። ያን ወራት ሳስበው ቤታችን ብርሃን የነበረበት ጊዜ ይመስለኛል።

ግዝቱ ያልደረሰው ድብ ባሕር ብቻ ነበር። ማሩ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ዘመድ ደግሞ ከዚያ ነው ያለው። የአባታችን እኅት እትየ አለምነሽ አያ ደምሌን አግብታ እዚያ ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም፤ ወንድሜ ልጇ ነው። በመጣ ቁጥር የተነጠረ ነጭ ማር ታስቀምጥለታለች። ስለዚህ እዚያም የደብሩን ቄስ ለምኖ ግዝቱን አስነገረ። ይህም አልበቃውም፤ ፈተናት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ግዝቱን ካስነገረ በኋላ አንድ ማለዳ ጉልበቷን ይዞ ለመናት። «እትየ፣ በአባቴ አፅም፣ አንዲት ጣት ብቻ» አላት። አለቀሰ። የእውነት እንባ ነበር ትላለች። ልቧ አልቻለም። ዘወር ብላ ከመደርደሪያው ገንቦውን አወረደች፤ እጇን ስትሰድ ወንድሜ እጇን ያዘው። እንባውን በክንዱ ጠረገ።

«አየሽ? ይቺ እጅሽ ናት የምትገድለኝ» አላት።

ተቆጥቶ አልነበረም። አዝኖ ነበር። እርሷ ግን ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ትላለች። ያን ቀን በመድኃኔዓለም ስም ማለች፤ ዳግመኛ እንደማትራራለት።

የመጨረሻውን ጉዞ የሄደው ክረምቱ አልፎ ማር በሚቆረጥበት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን አያ ደምሌ ነው የነገረኝ፤ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ እያቋረጠ።

ጠዋት ወንድሜ መርፌውን ቀቀለ፤ ወጋ። እትየ አለምነሽ ቂጣ እየጋገረች ነበር። ቂጣው ሳይወጣ ከጎረቤት እሪታ ተሰማ። ሽማግሌው ጎረቤታቸው አርፈዋል። በእኛ አገር ደግሞ የጎረቤት ሬሳ እቤት እያለ እህል አይቀመስም። ሬሳው እስኪቀበር እሳት እንኳ አይነድም። እትየ አለምነሽ ምጣዱን አወረደች፤ ሊጡን ከደነች። ማንም አላሰበውም። ወንድሜም ነጠላውን ለብሶ ወጣ። መርፌውን ወግቻለሁ፣ ሳልበላ አልወጣም ማለት አልቻለም ይሆን? ወይስ ቶሎ ያልቃል ብሎ ነው? አያ ደምሌን ጠይቄው ነበር። «እንዴት ብሎ ይብላ? ሰው ሞቶ!» አለኝ፤ እንደ መቆጣት ብሎ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ነው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ወንድሜ ነበር። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ መቃብሩ ዘገየ፤ ወጣት ስለሆነ ዶማ ይዞ ቆፈረ። ፍትሐቱ ረዘመ። ፀሐዩ በአናት ወጣ። አያ ደምሌ ላቡን አይቶታል። «ብርቱ ልጅ ነው፤ ቁፋሮው አላበው አልኩ» ብሎኛል።

ሲመለሱ ወንድሜ ወደ ለቅሶው ቤት አልገባም። ግድግዳ እየደገፈ ወደ እትየ አለምነሽ ቤት ሄደ። እርሷ ንፍሮ ልትጥድ ቀድማ ተመልሳ ነበር፤ ውኃው ገና አልፈላም። በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«እትየ፣ ማር» አለ።

እርሷ ሳቀች። «ዛሬስ አታታልለኝም!» አለችው።

«እትየ፣ ቶሎ በይ። መርፌው ነው። ማር ስጭኝ።»

«ተገዝቻለሁ፤ አንተው ነህ ያስገዘትከኝ።»

«ሞትኩ።»

«እርሱንም ብለህኛል» አለችው። አሁን መሳቋን ትታለች። ገንቦውን ከመደርደሪያው አወረደች፤ እቅፍ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠችና በሩን ከውስጥ በጀርባዋ ደገፈችው። ወንድሜ በሩን መታ። ተሳደበ። በሕይወቱ ለእርሷ ክፉ ቃል አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ክፉ ክፉውን ተናገራት። ከዚያ ንግግሩ ተዛባ፤ የማይገናኝ ነገር ማለት ጀመረ። አያ ደምሌና ከለቅሶው የመጡ ሰዎች ደርሰው ያዙት። የሰባራ ማር ገንቦ ገል እንኳ ሊልስ ታገለ። የማር አምሮቱ ነው፣ ጋኔን ገባበት አሉ። ጠበል ረጩት። እጁንና እግሩን ይዘው መሬት ላይ አጋደሙት። ይዘውት ያለቅሱ ነበር። «አይዞህ፤ ያልፋል። ምኞት ቆሞ ቆሞ ይሄዳል፣ አንተ አይደለህ ያልከን?» ይሉት ነበር።

ከዚያ ዝም አለ። ቀለል ያለው መሰላቸው። ኋላ ግን ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ ዓይኑ ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ እትየ አለምነሽ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን ጥላ ወደ ለቅሶው ቤት ሮጠች፤ ቄሱ እግር ሥር ወደቀች። «አባ፣ ፍቱኝ! ከግዝቱ ፍቱኝ!» አለች። ቄሱ በቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው እየሮጡ መጡ፤ ከደጅ ሆነው መስቀላቸውን አንሥተው «ፈትቻችኋለሁ» አሉ።

እትየ አለምነሽ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ በከንፈሩ አደረገችለት። ደጋግማ አደረገችለት። መዋጥ አልቻለም። ማሩ በጉንጩ ወረደ። ማኪና ይገኛል ብለው በቃሬዛ ወደ መንገዱ አወረዱት፤ ያው የጠዋቱ ቃሬዛ ነው። ማኪናው በምሽት ሲመጣ እርሱ ሄዷል።

ቀብሩ ላይ መምሬ ካሣ ፍትሐቱን መጨረስ አቃታቸው፤ ሌላ ቄስ ተቀበላቸው። ድሬሰሩም መጥቶ ነበር። ከቀብር በኋላ ለብቻዬ ወሰደኝና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ነጭ ካፖርቱን አላደረገም፤ ጋቢ ለብሶ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። «አንድ ማንኪያ» አለ። «መዋጥ በሚችልበት ሰዓት አንድ ማንኪያ ማር ቢያገኝ ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር።» ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ይህን ለእናትህ አትንገር» አለኝ።

ለእናታችን አልነገርኳትም። ታውቃለች ወይስ አታውቅም፣ አላውቅም። የአሸዋውን ገንቦ እስከ ዛሬ ጠዋት ማታ ውኃ ታጠጣዋለች። ብልቃጥ የለበትም።

እትየ አለምነሽ ለቀብሩ አልመጣችም፤ ታማ ተኝታለች ተባለ። ከአርባው ተዝካር በኋላ በዚያው ማኪና ወደ ድብ ባሕር ሄድኩ። ስደርስ መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ በጣም አንሳ ነበር። ብዙ አለቀስን። ከዚያ ተነሥታ፣ እኔ ተይ እያልኳት፣ ያን ነጭ ማር በውኃ በጥብጣ ብርዝ አቀረበችልኝ። ራሷ ልትቀምስ ወደ ከንፈሯ አደረሰችው፤ አልቻለችም፤ ሳትቀምሰው ሰጠችኝ።

ከፊቴ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ ዘረጋች። የቀኝ እጇን ነው። አየችው።

«አንተ ተምረሃል» አለችኝ። «እስቲ ንገረኝ። ሰው የሚለውን አይደለም፤ መጽሐፉ የሚለውን ንገረኝ። ያን ጊዜ ብሰጠው ኖሮ፣ ማሩ ይገድለው ነበር፣ አይደል?»

ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። አያ ደምሌ ከብቶቹን ሊመልስ ወጥቷል። ብርዙ በእጄ ነበር፤ አልቀመስኩትም ነበር ገና።

«አዎ፣ እትየ» አልኳት። «ይገድለው ነበር።»

«እንኳን አልሰጠሁት» አለች።

«እንኳን አልሰጠሽው።»

ትንፋሿን ለቀቀችው። እጇን በነጠላዋ ውስጥ አስገባችና ሸፈነችው። ከዚያ ብርዙን አየች፤ እኔን አየች፤ ሳልጠጣ መያዜ ቅር እንዳይላት ብዬ አንሥቼ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።